የበግ ለምድ የለበሰ በግ

«ዝናብ ጨምሪበት» ይለኛል አሳታሚው፣
«በዶፍ ሲሳሳሙ፣ ያኔ ነው የሚጥመው።»
ምስኪን! አልቀመሰም የዚህን አገር ዝናብ፤
ከጎን የሚመጣ፣ ከሥር የሚመጣ፣ በካልሲ የሚሳብ፣
አፍንጫ የሚያርስ፣ ከንፈር የማያስብ።

እኔ ያለሁበት፣ በአየርላንድ ምዕራብ፣
ባሊናካራ ነው፤ አጥሩ ያለ ጭቃ የተካበበት፣
አሥራ ሁለቱም ወር ሐምሌ የሆነበት፣
ሰው «እንደምን አደርሽ» በማለት ፈንታ ሰማይ የሚያማበት።

አሥራ አንድ መጽሐፍ፣ አሥራ አንድ ሙሽራ
ድሬአለሁ እዚህ፣ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ከምድጃው ጋራ።
አንዷም አላረጀች፤
አንዷም ባሏን ቀብራ
በላስቲክ ቦት ጫማ ጭቃ ስታቦካ አላመሸች
እንደ ጎረቤቴ፣ እንደ ኑላ ፊነርቲ።

ከአጥሯ ማዶ ኮልም አለ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣
ላጤ፤ ቃል ቆጣቢ፤ ትራክተር ነው ቤቱ።
ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ሃያ ዓመት በየማለዳው
የላሞቿን በር ይከፍትላታል፤ ይመለሳል ወደ ማሳው።
«ሻይ ጠጣ» አላለችም። «ልግባ» አላለም እሱ።
እኔ ብጽፋቸው
ምዕራፍ ሦስት ላይ በተሳሳሙ፣ ስድስት ላይ በደገሱ!
እነሱ ግን ይኸው፣ ምዕራፍ አርባ ደርሰው፣
ገና ስለ ሣሩ፣ ገና ስለ ንፋሱ።

ጳጉሜን ፈለግኋት ከመኖ ሻጩ ካሌንደር፤
የለችም። ከኦገስት ቀጥሎ ሴፕቴምበር ብቻ ነበር።
ቢሆንም ወጣሁ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ለሩፋኤል ዝናብ፣
ጸጉሬን ፈትቼ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ እንደ ሰነፍ ካብ።
ኮልም አየኝና ሞተሩን አጠፋ።
«ነካት» አላለም፤ ቆቡን አወለቀ፣
በራው ላይ ውሃው ተንዠቀዠቀ።
«ለማን ነው?» አለኝ ቆይቶ።
«ለሩፋኤል።»
«እሱ ለዓይን ጥሩ ነው» አለ።
ጥቂት አብሮኝ ቆመ፤ ወጣና ሞተሩን አስነሣ።

በጥር መጨረሻ ኑላ ከደንገል የታታችውን መስቀል
በበሬ ላይ ሰቀለችልኝ። ክንዶቹ ዘመም ይላሉ፤
እንደሚሽከረከር ነገር። «የብሪጊድ ነው፤
ለላም፣ ለእሳት፣ ለእንግዳ» አለችኝ።
ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆንኩ አልጠየቅኋትም።

በመጋቢት ሌሊት፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣
ባትሪ ይዛ መጣች፤ «እጅ አነሰን» አለች።
በበረቱ አንዲት በግ የሞተ ግልገሏን ትልሳለች፣
ከጥግ ደግሞ እናቱ የሞተችበት ሌላው ያለቅሳል።
ኮልም ቢላ አወጣ። የሞተውን ገፈፈ፤
ያን እርጥብ ለምድ፣ አራት ቀዳዳ ለአራት እግር፣
ለሕያው አለበሰው፣
የታላቁን ሸሚዝ እንደሚለብስ ተማሪ።
ጾመኛ እጄን እንገር ለወሰው።

የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ አውቃለሁ፤
ስንት ስብከት ሰምቼበታለሁ።
የበግ ለምድ የለበሰ በግ ግን
ያን ሌሊት አየሁ።

እናቲቱ አሸተተች። ጭራውን። አንገቱን። ደግማ ጭራውን።
ቆየች።
ልጇ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር? እንጃ።
ብቻ እግሯን ከፈት አደረገች፤ ጠባ።
አሁን እሑድ እሑድ፣ በነሱ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ፣
በሆዴ ጸሎተ ሃይማኖት ስደግም፣
«ነአምን» ከምትለው ላይ ስደርስ
ቀድማ የምትታየኝ ያች አፍንጫ ናት።

ኑላ ቢላውን ከኮልም እጅ ተቀበለችው፤
በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፤
ይመለስለታል ብዬ ስጠብቅ
ኪሷ ከተተችው።
እሱም አልጠየቃት።

ሲነጋ፣ እንገሩ በጥፍሬ ሥር ሳይደርቅ፣
ለአሳታሚው ጻፍኩ፦
«ዝናቡን አስገብቻለሁ።
መሳሳሙ ይቆየን።»